በኬላ የተወቃው ዘር

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት በሚያዝያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የጅግጅጋ ዙሪያ ገበሬ ሁሉ ወደ ማሳው በሚሯሯጥበት ሰሞን ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም፣ የተሰረቀም ነገር የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ረስቶታል። እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ካነበቡልኝ ወዲህ ደግሞ እስክሪብቶ ከእጄ አልወጣም። መጻፍ እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አሥራ ስድስት ዓመት መኖሬ ይገርመኛል። እናቴ «ኧረ አሁንስ ዓይንሽ ይጠፋል» ማለት ሰልችቷታል። እንግዲህ ደስታዬን በንዴቴ ልጀምረው።

አባቴ ጤና ረዳት ነው። ወደዚህ አገር ተዛውሮ ሲመጣ እኔ ገና ፊደል አልለየሁም ነበር። አሁን የሚሠራው ቱሊ ጉሌድ ካለው ክሊኒክ ነው። እናቴና እኛ ልጆቹ ለትምህርት ስንል ጅግጅጋ ቀርተናል። ቅዳሜ መኪና ካገኘሁ ንጹሕ ልብስና ሽሮ ይዤለት እሄዳለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። ሶማሊኛ የለመድኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ነው። ገበያ ስንወጣ እናቴ ዝም ትላለች፣ የምከራከረው እኔ ነኝ።

ያን እሑድ ቱሊ ጉሌድ መኪና መቆሚያው ጋ ኤዶ ሁዳንን አገኘኋቸው። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ከፍ ላለች ሴት ሁሉ ይባላል። ኤዶ ሁዳን ከልጅነቴ ጀምሮ ለቤታችን ወተት የሚያመጡ ናቸው። አንዲት ላም አለቻቸው። ማሳቸው ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ መኪና ላይ ሆኖ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የሟች ልጃቸውን ልጆች የሚያሳድጉት በዚያች ማሳና በዚያች ላም ነው።

ባለፈው ዓመት የቱሊ ጉሌድ እህታቸው ዘንድ የሄዱት ዘር ፍለጋ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዝናቡ አታልሏቸው ለዘር ያስቀመጡትን ማሽላ ለልጆቹ ቀቅለው አብልተዋል። እህታቸው የራሷን ዘር እኩል አካፈለቻቸው። ዘሩ አልተወቃም፤ ዛላው እንዳለ ከነአገዳው ጫፍ ታስሮ፣ በአሮጌ ሽርጥ ተጠቅልሏል። ጥቁር ነው። ስነካው እጄ ላይ ጥላሸት ቀረ።

«ኤዶ፣ ይሄ የተቃጠለ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አንቺ ከዱቄት በስተቀር የምታውቂው የለም» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ መኪናው እስኪሞላ ነገሩን አስረዱኝ። እህታቸው አጨዳ ከመድረሱ በፊት ማሳ ውስጥ እየዞረች፣ ቀድሞ የበሰለውን ዛላ ብቻ መርጣ ክር ታስርበታለች። ሌላው ሲታጨድ ክር የታሰረበት ለብቻው ይቆረጥና ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ዓመቱን ሙሉ ጭስ ሲጠጣ ነቀዝ አይደፍረውም። የሚመረጠው ቀድሞ የበሰለው የሆነው ደግሞ የዚህ አገር ዝናብ ቶሎ ስለሚሄድ ነው። ዝናቡ ሳይሄድ የማይደርስ ማሽላ እዚህ ምን ያደርጋል? «እናቴም ከዚህ ነው የዘራችው፣ የእናቴም እናት» አሉኝ።

ሹፌሩ ጋሽ አብዲ ጥቅሉን ሲያይ፣ «ኤዶ፣ ከሰል መነገድ ጀመርሽ?» አላቸው።

«አዎ፤ ሚስትህ ምድጃዋ ቀዝቅዟል ብላ ላከችኝ» አሉት። ኤንትሬው ጭነት መኪና ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤዶ ሁዳን እንዲህ ናቸው፤ ለማንም አይተኙም።

ጅግጅጋ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። መንገዱ ላይ ገመድ ይወጠራል፣ ጎኑ የቆርቆሮ ቤት አለ። ከቤቱ አጠገብ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ፣ ከነጋዴ የተወረሰ ማሽላ ተከምሮ ነበር። አብዛኛው ከላይ ከደጋው በኩል የመጣ ነው፤ ነጭና ድፍን ያለ። ከእኛ መኪና የወረዱት አንዳንድ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር የኮንትሮባንድ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ያረገዙ መስለው ነበር። እነሱን ማንም አልነካቸውም። የጫት መኪና ጡሩንባውን እያስጮኸ ሲመጣም ገመዱ መሬት እስኪነካ ወረደለት። የኬላው ኃላፊ እንዲያውም እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም አለው።

የኤዶ ሁዳን ጥቅል ግን ተያዘ።

ኃላፊው ካኪ የለበሰ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ ሰው ነው። ክፉ ፊት የለውም። ሁሉም የሚጠራው «ጓድ» እያለ ነው። ሽርጡን በእግሩ ጫፍ ገለጥ አድርጎ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ኤዶ ሁዳን ያኔ አማርኛ ስለማይሰሙ መሐል ገባሁ።

«ዘር ነው» አልኩት።

«አንቺ ተማሪ ነሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እወቂ። ዘር ከእርሻ ባለሙያ ዘንድ በከረጢት ነው የሚመጣው። ይሄ እህል ነው፤ ያውም ጥላሸት የጠጣ። ለቤት ፍጆታ ከተፈቀደው በላይ እህል በዚህ አያልፍም። ንገሪያት።»

ነገርኳቸው። ኤዶ ሁዳን፣ «ይመዝነው» አሉ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከነአገዳው ከተፈቀደው ጥቂት አለፈ። ኃላፊው ጥቂት አሰበ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ደግ ሰው መሰለኝ።

«አገዳው ነው ያከበደው» አለ። «ልረዳት እችላለሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ እናየዋለን። እስከዚያ ከገመዱ ወዲያ ማዶ ጠብቁ።»

ጋሽ አብዲ ሌላውን ሰው ይዞ መሄድ ነበረበት። «አንቺ ልጅ ውጪ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አለኝ። አልሄድም አልኩ። ከመንገዱ ማዶ ካለች ቀጭን ግራር ሥር ቁጭ አልን። ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ይደፋዋል። ኤዶ ሁዳን በየት በኩል እንደሚጀምሩ፣ በሬ ማን እንደሚያውሳቸው ይነግሩኝ ነበር። መሬቱ እርጥበቱን ሳያጣ በማግስቱ መዝራት ነበረባቸው። ደስ ብሏቸው ነበር። ይህን ሳስታውስ ይበልጥ ያናድደኛል።

በመሐል የዱላ ድምፅ ሰማን። ዷ፣ ዷ፣ ዷ።

«ምንድን ነው የሚመቱት?» ብለው ተነሡ። እኔ አልገባኝም። እሳቸው ግን ድምፁን ያውቁታል፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መንገዱን በሩጫ አቋረጡ።

አንድ ወጣት ዘበኛ ዛላውን በዱላ ወቅቶ ጨርሷል። የወቃው እዚያው ክምሩ ያለበት ሸራ ላይ፣ ክምሩ ጥግ ነው። አገዳውን ወደ ውጭ ጥሎ፣ ፍሬው እንዳይበተን በአካፋ እየጠረገ ወደ ክምሩ አስጠግቶታል። አስጠግቶታል ስል ቀላቅሎታል ማለቴ ነው። ጥቁሩ ፍሬ ከነጩ ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሷል።

ኤዶ ሁዳን እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ዘበኛው ደነገጠ። «ጓድ ውቃው አሉኝ፣ ወቃሁት» አለኝ። «አገዳው ከወጣለት ይቀልላታል፣ ታሳልፈዋለች ብለው እኮ ነው። ለእሷው ብለው ነው።»

ኃላፊው አፉን እየጠረገ መጣ። ሁኔታውን አየና አካፋውን ራሱ ተቀበለ። አገዳውን ለብቻው አስመዝኖ ከቀድሞው ሚዛን ሲቀንስ፣ ፍሬው ከተፈቀደው በታች ሆነ። ሽርጡን ሚዛኑ ላይ ዘርግቶ ያንኑ ያህል ከክምሩ መሐል ዛቀና አፈሰሰበት። ከዚያ አንድ አካፋ ጨመረላት።

«ይኸው» አለ። «ኪሎው ያው ነው። እንዲያውም መርቄላታለሁ። ትሂድ።»

እየሳቀ ነበር። ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

«ጓድ፣ ይሄ የእሳቸው አይደለም» አልኩት።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእሳቸው ዘር ነው። ተመርጦ የተቀመጠ ነው። ይሄ ሌላ ማሽላ ነው።»

«ማሽላ ማሽላ ነው። ያውም የእሷ ጥላሸት ነበር፣ ይሄ ንጹሕ ነው። ትምህርት ቤት ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ኤዶ ሁዳን ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በይው! ፍየል እንኳ የምትበላውንና የምትተኛበትን ትለያለች። አንተ ግን እናትህ ምን ስታበላህ እንዳሳደገችህ እንጃ፣ አትለይም በይው» አሉ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች?»

«አዝነዋል» አልኩት።

ኤዶ ሁዳን ተመለከቱኝ። «ይሄን ያህል አጭር ነው እንዴ አማርኛ?» አሉኝ።

ከዚያ ሸራው ላይ ተንበረከኩ። ጥላሸት የነካውን ፍሬ ከነጩ መሐል በጣታቸው እየለቀሙ ሻሻቸው ጫፍ ላይ ማኖር ጀመሩ። እኔም ተንበረከክሁ። ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው ራሱ ዱላውን አስቀመጠና አንድ ሁለት ጊዜ ለቅሞ ሰጠን። ሁሉንም ለቅመን እንደምንጨርስ ታየኝ። ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም፤ ጥቁሩ ከላይ ከላይ ነው። ማንንም አላስቸገርንም፤ ዝም ብለን እንለቅማለን።

ኃላፊው ግን የመንግሥት እህል ፊት ተንበርክካ የምትለቅም ሴትን መንገደኛው ሲያይበት ያፈረ ይመስለኛል። «በቃ! ተነሡ! የሰጠኋትን ይዛ ትሂድ» አለ። አልተነሣንም። ያን ጊዜ ዘበኛውን፣ «አገላብጠው!» አለው።

ዘበኛው ቆመ።

«አልሰማህም? ክምሩን አገላብጠው!»

ዘበኛው አካፋውን አነሣና ክምሩን ከሥር ወደ ላይ ገለበጠው። ጥቁሩ ፍሬ ሁሉ ታች ገባ። ኤዶ ሁዳን እጃቸው እህሉ ውስጥ እንደተቀበረ ቀሩ። ያን አካፋ መቼም አልረሳውም። እስከዚያ ድረስ የሆነው ሁሉ አለማወቅ ነው ብል ያስኬደኛል። ያ ግን አለማወቅ አልነበረም።

ሻሻቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረችው አንዲት ብርጭቆ የምትሞላ አትመስለኝም። እሷንና ኃላፊው ሽርጡ ላይ ያፈሰሰውን ይዘን በእግራችን ከተማ ገባን። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ እሳቸው አላለቀሱም። «ሆዮ፣ አፍንጫሽን ጥረጊ» አሉኝ። ሆዮ ማለት እናት ማለት ነው፤ ሶማሌዎች ልጃቸውንም እንዲህ ብለው ይጠራሉ።

በማግስቱ እናቴ ትምህርት ቤት እንዳልሄድ ፈቅዳልኝ፣ ዘር ይሰጣሉ የተባለበት ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ። የዚህ ዓመት ዘር ታድሎ አልቋል፣ ሌላ ሲመጣ እንነግራችኋለን አሉን። እህታቸው ዘንድ ተመልሰው እንዳይለምኑ፣ የቀረላትን ዘር ያን ጊዜ ዘርታው ነበር። የማሳው ጎረቤቶችም እንደ እሳቸው ዘራቸውን የበሉ ናቸው። ዝናብ ደግሞ ቢሮ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ኤዶ ሁዳን ሻሻቸው ላይ ያለችውን ከቤታቸው ደጅ ዘሯት። የቀረውን ሰፊ ማሳ ከኬላው በመጣው ዘሩበት። ምን ዓይነት ማሽላ እንደሆነ ገና ሲዘግኑት አውቀውታል። የደጋ ነው፤ ረጅም ዝናብ ይፈልጋል። «ታዲያ ለምን ዘሩት?» ስላቸው፣ «ባዶ መሬት ፊት ቁጭ ብዬ ልዋል?» አሉኝ። በዚያ ዓመት ደግሞ አላህ ዝናቡን ያስረዝመው ይሆናል ብለው ነበር።

ማሽላው በቀለ። እንዴት አድርጎ በቀለ! ነሐሴ ላይ የሰው ቁመት አለፈ። መስከረም ላይ ከመንገዱ ሲያዩት ጫካ ይመስላል። ወደ ቀብሪበያ የሚሄዱ ሰዎች መኪና ላይ ሆነው ይጠቋቆሙ ነበር። ጋሽ አብዲ ሳይቀር፣ «የኤዶን ማሳ አየሽው? ዘንድሮ ጠገበች» አለኝ።

በዚያው ሰሞን ከአባቴ ዘንድ ስመለስ የኬላው ኃላፊ አወቀኝ። መኪናው ጎን መጣና፣ «አንቺ ተማሪ፣ የዚያች ሴትዮ ማሳ በቀብሪበያ መንገድ ያለው ነው አሉ። አየሁት እኮ፣ አማረላት። ያን ቀን ልትበሉኝ ነበር» አለኝ። ሁሉም ሰው ፊት ነው ያለው። እኔም ያኔ ተስፋ ስለነበረኝ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ኅዳር ላይ ከእናቴ ጋር ማሳው ድረስ ሄድን። ደጅ ላይ ያለችው ትንሽ መደብ ማሽላዋ አጭር ነበር፤ ዛላዋ ጎብጦ፣ ደርሶ ተቆርጧል። ሰፊው ማሳ ግን ዝናቡ ከሄደ በኋላም አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ውስጡ ገባሁ። አገዳው ከእኔ በላይ ነው። አንዱን ጎንበስ አድርጌ ጫፉን አየሁት። ዛላው ገና ከቅጠሉ ሳይወጣ ደርቋል። ሌላውን አየሁ። ያው ነው። ከዳር እስከ ዳር አገዳ ብቻ ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ላሟ ትወደዋለች» አሉ ኤዶ ሁዳን። ልጆቹ ግን አገዳ አይበሉም። ክረምቱን ያጠገበቻቸውን ላም ጥር ላይ ሸጧት።

ከዚያ ወዲህ ወተት የምታመጣልን ሌላ ሴት ናት። ኤዶ ሁዳን ልጆቹን ይዘው ከተማ ገብተዋል። ከከተማው ዳር አንዲት የጆንያ ጎጆ ቀልሰዋል። ሥራቸው በጀርባቸው በጀሪካን ውሃ ለሻይ ቤቶች ማመላለስ ነው። አማርኛ የተማሩት ያኔ ነው፤ የገበያ አማርኛ፣ ግን ይበቃል። ደጃቸው ከነበረችው መደብ የቆረጡትን ዛላ ግን አልበሉትም። ጎጆው ውስጥ ከምድጃቸው በላይ ተሰቅሏል። ማሳቸውን የሚያርሱበት በሬ የሚያውሳቸው እስኪያገኙ፣ ሰው ምግብ ነው ብሎ እንዳይሰርቅባቸው ይሰጋሉ።

አሁን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት የሆነውን ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በእሱ ምክንያት ነው። እናቴ ዳቦ ግዢ ብላ ልካኝ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። የኬላው ኃላፊ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ኤዶ ሁዳን ጀሪካናቸውን ተሸክመው በእሱ ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፉ ወንበሩን ለመሳብ ተገደደ። ተናደደ።

«እነዚህ ገጠሬዎች ከተማውን አጣበቡት» አለ ለጓደኞቹ። «መሬት ሞልቷቸው፣ ማረስ ሰንፈው እኮ ነው።»

ኤዶ ሁዳን ቆሙ። ጀሪካኑን መሬት ላይ አወረዱ።

«እኔ አልመጣ» አሉት በአማርኛቸው። «አንተ አመጣኝ።»

«ምን?»

«አንተ አመጣኝ!»

ጓደኞቹ ሳቁ። «የት ነው የምታውቃት?» አሉት። ኤዶ ሁዳንን ትክ ብሎ አያቸው። «የት አውቃታለሁ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተመሳስዬባት ይሆናል» አለ። አልዋሸም። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እውነት አላወቃቸውም ነበር።

ያን ጊዜ ዳቦዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ዛላውን፣ ክሩን፣ ዱላውን፣ አካፋውን፣ ጫካ የመሰለውን አገዳ፣ ላሟን። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ይህን ታነበዋለች። ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ሒሳቡን አስቀምጦ ወጣ። ይቅርታ አላለም። የተሰማው እንዳለም አላውቅም።

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ሰርቋቸው ቢሆን ኖሮ ሌባ ብዬ እጮህበት ነበር። እሱ ግን እህል ሰጥቶ፣ መርቆ ነው ያሰናበታቸው፤ ማንም ቢጠይቀው ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል። ከእኔና ከዘበኛው በቀር ያየ ሰውም አልነበረም፣ እሱም ተዛውሯል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጽፌ ስጨርስ ወደ ጆንያ ጎጆዋቸው ሄጄ በሶማሊኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ፍየሏ ጋ ስደርስ ሳቁ። ሲያልቅ፣ «የሰውየውን ስም ለምን አልጻፍሽም?» አሉኝ።

«አላውቀውም፤ ሁሉም ጓድ ነው የሚለው» አልኳቸው።

ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «የእኔስ የቱ ጋ ነው?» አሉ። አሳየኋቸው። ከላይ እስከ ታች ስማቸው ያለበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ እንዳሳያቸው አደረጉኝ።